ሐዋሳ ለመዝናናት ለምትሄዱ፦ የቱ ይሻላል?

ሐዋሳ የሚሄድ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሆቴል ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምነግራችሁ ስለ ሰዓት ነው። ሐዋሳ የጠዋት ከተማ ናት። ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ይላል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳና ውሃው ይናወጣል። ጀልባውም፣ ዓሣውም፣ ወፉም የሚያምረው በጠዋት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 275 ኪሎ ሜትር ተጉዛችሁ በገባችሁበት ቀን ብዙ አታቅዱ። በጊዜ ተኙ።

አሞራ ገደል ወይስ ፍቅር ሐይቅ? አሞራ ገደል ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ ነው፣ ፍቅር ሐይቅ ደግሞ እዚያው ሐይቅ ዳር ያለ መዝናኛ ነው። አንዱን ብቻ የምታዩ ከሆነ ያለ ጥርጥር አሞራ ገደል ሂዱ። መግቢያ ያስከፍላል፣ ግን ይገባዋል። ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ከደረሳችሁ ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው ሲመለሱ ትደርሱባቸዋላችሁ። ዳር ላይ የተቀመጡት ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ አንስተው ቅርፊቱን ያራግፉታል፣ በቢላ ከጀርባው ገባ ብለው ግራና ቀኙን ፊሌቶ አድርገው ያወጡታል። ዓይናችሁ ሳይከተለው ሌላ ዓሣ ይዘዋል። ከኋላቸው አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ራሳቸው መላጣ፣ ምንቃራቸው የጎራዴ ያህል ነው። አንጀት ሲወረወር ክንፋቸውን ዘርግተው ይሻማሉ። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ትንሽ ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ወፎቹ ሰው አይፈሩም። ዛፎቹ ላይ ደግሞ ጉሬዛና ጦጣ አለ። ጦጣዎቹ የያዛችሁትን ምግብ ከእጃችሁ ይነጥቃሉ፣ ስለዚህ ፌስታል አንጠልጥላችሁ አትግቡ።

እዚያው ቁርስ ብሉ። የዓሣ ሾርባው ትኩስ ነው፣ ቃሪያውም አይሰስትም። ሙሉ ጥብስ ካዘዛችሁ ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ጥርስ ላይ ኩርሽም እስኪል ተጠብሶ ይመጣል። በእጅ ነው የሚበላው። ጥሬውን በሚጥሚጣ የሚበሉ አሉ፣ እኔ ግን አልመክርም። የጨው አልባ ውሃ ዓሣ ጥገኛ ትል ሊኖረው ይችላል። ከልቤ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ፦ ከመዳፍ የማይበልጥ ቆሮሶ ሲቀርብላችሁ አትግዙ። ዘር ሳይተካ የሚወጣው ዓሣ ሐይቁን እየጎዳው ነው። ገዢ ካጣ ጠባብ መረብ የሚጥለውም ይቀንሳል። ቆሮሶ ሲያንስ አምባዛ የሚባለውን ሌላ ዓሣ ጠይቁ። ሥጋው ወፍራም ነው፣ ለጉላሽ በጣም ይሆናል።

ፍቅር ሐይቅ ለአመሻሽ ነው። ከገብርኤል አደባባይ ቀጥ ብሎ የሚወርደውን መንገድ በእግር ያዙት፣ ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች አትደክሙም። ቡና፣ የተጠበሰ በቆሎ፣ ፎቶ አንሺ፣ ጥንዶች፣ ሁሉም እዚያ ነው። ቅዳሜና እሁድ ይጨናነቃል። ሰው ሰው ማለት ለሚወድ ጥሩ ነው፣ ጸጥታ ለሚፈልግ ግን አይሆንም።

ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውንና የጉዞውን ርዝመት ተነጋገሩ። ዋጋው በሰው ነው ወይስ በጀልባ? ጉማሬ ድረስ ነው ወይስ ዞር ብሎ መመለስ ብቻ? ይህን ሳይጠይቁ የሚሳፈሩ ሰዎች ናቸው በኋላ የሚጨቃጨቁት። ጉማሬ ለማየት ጥቁር ውሃ ወንዝ ወደ ሐይቁ ወደሚገባበት በኩል ነው የሚኬደው። ጥሩ ጀልበኛ ሞተሩን ቀድሞ ያጠፋል፣ ከሩቅም ያቆማል። «ጠጋ በልልን» አትበሉት። ጉማሬ የሚገለብጠው ጠጋ ያለውን ጀልባ ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ከሌለ ሌላ ጀልባ ፈልጉ፣ በዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልግም።

ዋና የሚያምራችሁስ? ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አትግቡ። ቢልሃርዝያ የሚባለው በውሃ የሚተላለፍ የጥገኛ ትል በሽታ አለበት። ለዋና ገንዳ ያለው ሆቴል ያዙ፣ ወይም በመንገዳችሁ ላንጋኖ ሐይቅ እደሩ። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ ሰው ይሸሸዋል፣ ነገር ግን ለዋና የሚመረጠው እሱ ነው። ላንጋኖ ከሪዞርቱ ውጪ የምትሄዱበት ብዙም ቦታ የለም። ሐዋሳ ግን ከበር ወጣ ስትሉ ከተማ አለ። ለእኔ ከልጆች ጋር ላንጋኖ፣ ከጓደኛ ጋር ሐዋሳ ይበልጥብኛል።

ማደሪያን በተመለከተ፣ የአትሌት ኃይሌ ገብረሥላሴ ሪዞርትም ሌዊ ሪዞርትም ሐይቁ ዳር ናቸው። የምትከፍሉት ለሐይቁም ጭምር ነው። ቀኑን ሙሉ ውጪ የምትውሉ ከሆነ ግን መሃል ከተማ ንጹሕ ፔንሲዮን ያዙ፣ የተረፈውን ለጀልባና ለዓሣ አውሉት። ወደ ሐይቁ በባጃጅ ትንሽ መንገድ ነው። ሐይቁ ዳር ያሉ ሆቴሎች ግቢ ደግሞ አንድ ቡና አዝዞ መቀመጥ ይቻላል።

ታቦር ተራራ ወይስ አላሙራ? ታቦር ቅርብ ነው፣ ሐይቁንና ከተማውን አንድ ላይ ያሳያል። ጀንበር ስትጠልቅ ውጡ፣ ሳይጨልም ውረዱ። አላሙራ ጊዜም ጉልበትም ላለው ነው።

አንድ ቀን ከተረፋችሁ ወንዶ ገነት ፍል ውሃ ሂዱ። ዙሪያው ደን ነው፣ ውሃው ከምድር ትኩስ ሆኖ ይወጣል። በሥራ ቀን ብትሄዱ ይመረጣል።

ቀናችሁን ስትመርጡ ሁለት ነገር አስቡ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ነው፣ ከተማው በምእመናን ይሞላል፣ አልጋ ቀድማችሁ ያዙ። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፊቼ ጫምባላላ ደግሞ ቀኑ በየዓመቱ አንድ አይደለም። ሽማግሌዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚያውጁት። በ2015 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ መዝግቦታል። በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ አደባባይ ጭፈራውን ለማየት የምትሄዱ ከሆነ ቀኑ እስኪታወጅ ጠብቁና ወዲያው አልጋ ያዙ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ደግሞ አስፈቅዱ፣ በተለይ ሽማግሌዎቹን።