የወር አበባዬ በ34 ቀን ነው የሚመጣው፤ እንቁላሉ መቼ ይወጣል?

ሰላም እህቶቼ። ከተጋባን 8 ወራችን ነው፤ ልጅ እየሞከርን ነው። ሁሉም ሰው «14ኛውን ቀን ጠብቂ» ይለኛል። እኔም እሱን ብቻ ስጠብቅ ከረምኩ። ግን ፔሬዴ የሚመጣው በ33 ወይም በ34 ቀን ነው፤ ስልኬ ላይ መዝግቤዋለሁ። 14ኛው ቀን ለእኔም ይሠራል? በየወሩ ደም ሳይ ሆዴ ይባባል።

መልስ፦
አይዞሽ እህቴ። አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ ይሄን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማለሁ። 14ኛው ቀን ዑደቷ 28 ቀን ለሆነ ሴት ነው። አንቺ ከሚቀጥለው ደም ወደ ኋላ ቁጠሪ። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ ባዶ የቀረው ከረጢት ፕሮጄስትሮን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል። እሱ ነው የማህፀንሽን ውስጠኛ ሽፋን ደግፎ የሚያቆየው። እርግዝና ከሌለ ከ12 እስከ 14 ቀን ገደማ ቆይቶ ሆርሞኑ ይወርዳል፤ ሽፋኑ ይላቀቃል፤ ደሙ ይመጣል። ስለዚህ ከ34ቱ ላይ 14 ስትቀንሺ ያንቺ እንቁላል የሚወጣው ወደ 20ኛው ቀን ግድም ነው። እንቁላሉ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም። የወንድ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ከ15ኛው ቀን ጀምሮ በየሁለት ቀኑ ተገናኙ።

ሌላ መልስ፦
የእኔም ረጅም ነበር። ፈሳሽሽን እዪው። እንደ እንቁላል ነጭ ሲለጠጥ ጊዜው ደርሷል ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦
እኔ እኮ ያንን ፈሳሽ ሳይ ኢንፌክሽን መስሎኝ ስጨነቅ ነበር! እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

አዋላጇ፦
ካላሳከከሽና መጥፎ ሽታ ከሌለው ጤነኛ ነው። ዓመት ሞልቶት ካልሆነ፣ ዕድሜሽ ከ35 ካለፈ ደግሞ አሁኑኑ፣ ከባልሽ ጋር ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሁለታችሁም ተመርመሩ።