የተፈጥሮ ጋዝ ግሪል ወደ ሲሊንደር ለማስቀየር ባሕር ዳር ላይ ምን ይሻላል? (ጥቆማ)

ጥያቄ
ሐይቅ ዳር ላለ አሳ ቤት ከአሜሪካ የመጣ ባለ 3 በርነር ግሪል አለ። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ሰሌዳ ለተፈጥሮ ጋዝ ብቻ እንደተሠራ ይናገራል። በሲሊንደር እንዲሠራ ቶርኖ ቤት ይወሰድ፣ ምድጃ ጠጋኝ ይጠራ፣ ዕቃው ከመርካቶ ይምጣ ወይስ ተሸጦ ሌላ ይገዛ? የሞከረ ሳይሆን የሚያውቅ ይምከረን።

ምላሽ 1
ሠሪ ከመፈለግዎ በፊት የግሪሉን ስም ይዩ። ዌበር ከሆነ ፋብሪካው ራሱ መቀየሩን አይፈቅድም፤ ሸጦ የሲሊንደር ግሪል መግዛት ይቀላል። ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች ግን ኖዝልና ሬጉሌተር (የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠረው ዕቃ) በአንድ ፓኬት አድርገው ይሸጣሉ። የሞዴሉን ቁጥር ከሰሌዳው ገልብጠው ወደዚህ ለሚመጣ ዘመድ ይላኩ። ሦስት ኖዝል ኪስ ውስጥ ይገባል፤ ከሁሉም አማራጭ የማስቀድመው ይህን ነው።

ኖዝል የምንለው ጋዙ የሚተፋባትን ቀዳዳ ያላት ትንሽ የነሐስ ብሎን ነው። ነገሩ ሁሉ እሷ ጋ ነው። የሲሊንደሩ ጋዝ፣ ማለትም ፕሮፔን፣ በእኩል መጠን ሲለካ ከተፈጥሮ ጋዝ 2.5 እጥፍ ገደማ ሙቀት አለው፤ ግፊቱም ከ17 ሚሊባር ወደ 28 ይወጣል። የድሮው ኖዝል ሳይነካ ሲሊንደር ቢገጠም የግሪሉ ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። እሳቱ ቢጫ ሆኖ ይዘላል፣ ቀረሶው ውስጡ ሳይበስል ላዩ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይወጣል። አዲሱ ቀዳዳ በዲያሜትር የድሮው ሁለት ሦስተኛ ገደማ መሆን አለበት፤ 1.30 ሚሊ ሜትር ከነበረ 0.85 አካባቢ ማለት ነው። «ሬጉሌተሩን ብቻ ቀይሬ እሰጥሃለሁ» የሚል ጠጋኝ ካጋጠመዎ አመስግነው ይሸኙት።

ምላሽ 2
ዘመድ እስኪመጣ ለማይጠብቅ ሰው ቶርኖ ቤት መጥፎ አይደለም፤ ግን ምን እንደሚያዙ ይወቁ። ከነሐስ ዘንግ አዲስ ኖዝል እንዲቀረጽ ይዘዙ፣ የድሮውንም ለክሩ ናሙና ይስጡ። አንዳንዱ የድሮውን ቀዳዳ በስታኞ ደፍኖ መልሶ ልብሳው ይላል። እምቢ ይበሉ፤ ስታኞ 200 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል፣ ኖዝሉ ያለው ደግሞ ከእሳቱ ሥር ነው።

ሁለተኛው ጣጣ ፑንታ (ቀዳዳውን የሚበሳው የብረት መብሻ) ነው። የ0.85 ፑንታ ቀጭን ስለሆነ በእጅ ትራፓን ቶሎ ይሰበራል፤ ቤቱ ከሌለው «1 ሚሊ ይበቃል» ይላል። አይበቃም፤ ይበዛል እንጂ። ከ0.85 ወደ 1 ሲሄድ የሚወጣው ጋዝ 38 በመቶ ይጨምራል። ፑንታውን በዓይንዎ ሳያዩ ሥራ አያስጀምሩ።

ምላሽ 3
መርካቶ ለጣሊያንና ለቱርክ ምድጃ የሚሆን የሲሊንደር ኖዝል በስብስብ ይሸጣል። ላዩ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የሚሊ ሜትር መቶኛ ነው፤ 50 ማለት 0.50፣ 85 ማለት 0.85። ርካሽ ነው፣ ቀዳዳውም ልክ ነው። ችግሩ ክሩ ነው፤ የአሜሪካ ግሪል ክር ላይ ላይገጥም ይችላል። የድሮውን ናሙና ሳይልኩ አያስገዙ።

ምላሽ 4
ሁሉም ስለ ኖዝል ሲያወራ ብዙ ግሪል የሚበላሸው መጋጠሚያው ላይ ነው። የአሜሪካው የሲሊንደር መግጠሚያ እኛ አገር ካለው ሲሊንደር አንገት ጋር አይገጥምም። ስለዚህ ከሲሊንደሩ ጋር የሚሄድ የ30 ሚሊባር ሬጉሌተር ከጋዝ አከፋፋዩ ይግዙ፤ መጀመሪያ ከግሪሉ ጋር የመጣውን የተፈጥሮ ጋዝ ሬጉሌተር ግን ያውጡ። ሁለቱ በተከታታይ ከቀሩ እሳቱ ይደክማል፣ ጥፋቱም በኖዝሉ ላይ ይላከካል። ለትልቅ የሆቴል ምድጃ የሚሸጠውን፣ ግፊቱ በእጅ የሚስተካከለውን ሬጉሌተር ወደዚህ ግሪል አያስጠጉ።

የግሪሉ የጋዝ መግቢያ አብዛኛውን ጊዜ የ3/8 ፍሌር (አፉ ሾጣጣ የሆነ መጋጠሚያ) ነው፤ ክሩ 15.9 ሚሊ፣ በአንድ ኢንች 18 ጥርስ። የ3/8 የውሃ ቧንቧ ክር 16.66 ሚሊና 19 ጥርስ ስለሆነ አንድ ሁለት ዙር የገባ ይመስላል። ቧንቧ ሠራተኛው ቴፍሎን ጠቅልሎ በቁልፍ ያስጨንቀዋል፣ ክሩ ይበላል፣ ያፈሳል። ፍሌር ቴፍሎን አይፈልግም፤ የሚዘጋው ብረት ከብረት ገጥሞ ነው። ከፍሌር ወደ 8 ሚሊ የጋዝ ጎማ የሚያሻግር አስማሚ ማስቀረጽ ግን ለቶርኖ ቤት ቀላል ሥራ ነው። ጎማውን በፋሸታ ያጥብቁ፤ የውሃ ጎማ አይሆንም።

ጠያቂ
እናመሰግናለን። አንድ ሲሊንደር ስንት ሰዓት ይዘልቃል?

ምላሽ 4
ሦስቱም በርነር በሙሉ ሲነድ ወደ 9 ኪሎ ዋት ከሆነ በሰዓት 0.7 ኪሎ ገደማ ይበላል፤ 12.5 ኪሎ ሲሊንደር 18 ሰዓት አካባቢ ይሄዳል። ለአሳ ግን ሦስቱም ሁልጊዜ በሙሉ አይነድም።

ምላሽ 5
አየሩን የረሳችሁት መሰለኝ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ የአየር ግፊቱ ባሕር ጠለል ላይ ካለው በአምስተኛ ገደማ ያንሳል። ፕሮፔን ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ የበለጠ አየር ይጠይቃል። ስለዚህ በርነሩ ቱቦ አፍ ላይ ያለችውን የአየር መክደኛ ቆርቆሮ ብሎኗን በካቻቢቴ አላልተው ሰፋ ያድርጓት። እሳቱ ሰማያዊ ሆኖ ጫፉ ላይ ትንሽ ቢጫ ቢቀር ደኅና ነው። ከበርነሩ ተነሥቶ እየጮኸ የሚነድ ከሆነ አየሩ በዝቷል፤ መልሰው ያጥብቡት። ነፋስ ከሐይቁ በሚመጣበት ሰዓት አታስተካክሉ፣ እሳቱ ያሳስታችኋል።

ግሪሉ ለወራት ቆሞ ከነበረ ቱቦው ውስጥ ሸረሪት ድር ሠርታ ይሆናል፤ ሐይቅ ዳር ትንኝ ስለሚበዛ ሸረሪትም አትጠፋም። ድሩ ጋዙን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፣ እሳቱም ከማብሪያው ቁልፎች ሥር ይነሣል። በቀጭን የጠርሙስ ብሩሽ ይጥረጉት።

ሌላው፣ የተፈጥሮ ጋዝ ሲያፈስ ወደ ላይ ይሄዳል፤ ፕሮፔን ግን ከአየር 1.5 እጥፍ ስለሚከብድ መሬት ላይ ይተኛል። ሲሊንደሩ ቆሞ ይቀመጥ፣ የፍሳሽ ጉድጓድ አጠገብ አይሁን፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ከገባ ከታች በኩል መተንፈሻ ይበሳለት። መጀመሪያ ሲከፍቱ በርነሮቹን ዘግተው እያንዳንዱን መጋጠሚያ በኦሞ አረፋ ይቀቡ። አረፋው አንድ ቦታ ላይ ካበጠ ሲሊንደሩን ዘግተው ያንን መጋጠሚያ ፈትተው እንደገና ይግጠሙ፤ ላዩ ላይ ማስቲካም ቴፕም አይለጥፉ።