ጋላክሲ ኤስ9 ላይ ሊኒየጅኦኤስ ስለ መጫን

ጥያቄ፦ ፒያሳ የምሠራ ሰው ነኝ። የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤስ9 ስልኬ ከአንድሮይድ 10 በላይ ይፋዊ ማሻሻያ ስለማያገኝ ሊኒየጅኦኤስ (በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተ፣ ሳምሰንግ ያላዘጋጀው ነፃ የስልክ ሥርዓት) ልጭንበት አስቤያለሁ፤ ያሉኝ ፎቶዎች ሳይጠፉ ይቻል ይሆን?

መልስ 1፦ አይቻልም። ለመጫን መከፈት ያለበት ቡትሎደሩ (ስልኩ ሲበራ ሥርዓቱን የሚያስነሳው የተቆለፈ ፕሮግራም) ሲከፈት በስልኩ ውስጥ ያለው መረጃ በሙሉ ስለሚጠፋ ፎቶዎቹን አስቀድመው ኮምፒውተር ላይ ይገልብጡ። ከዚያ በፊት ግን የሞዴል ቁጥሩን ይመልከቱ። ጂ960ኤፍ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው፤ መጨረሻው ዩ ከሆነ ግን ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው ዓይነት ስለሆነ ሊኒየጅኦኤስ አይደግፈውም፤ እዚህ አገር ደግሞ ብዙው ስልክ ዘመድ የላከው ነው።

መልስ 2፦ የኖክስ ፊውዝ (ይፋዊ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲጫን የሚቃጠል የሳምሰንግ የደህንነት ምልክት) አንዴ ከተቃጠለ የፋብሪካው ሶፍትዌር ቢመለስም እንደማይታደስ፣ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎችም አልከፈት ሊሉ እንደሚችሉ ይወቁ። በተጨማሪም ባትሪው ደህና በሆነ ላፕቶፕ ይሥሩ። እኔ ያለ ባትሪ በቆመ ኮምፒውተር ሪከቨሪውን (አዲሱን ሥርዓት ለመጫን የሚያገለግለውን ትንሽ ፕሮግራም) ስጭን መብራት ሄዶብኝ፣ ስልኩ ከኮምፒውተር ሶፍትዌር በሚቀበልበት ሰማያዊ የዳውንሎድ ገጽ ላይ ሁለት ሰዓት ተገትሮ ቀርቷል፤ እንደ ዕድል ሆኖ መብራት ሲመጣ ሥራውን እንደገና ጀምሬ ዳነልኝ።

ጠያቂው፦ አመሰግናለሁ። ቁጥሩን አየሁት፤ መጨረሻው ዩ ነው፤ እህቴ ከዳላስ የላከችልኝ ነበር።