እህቴ ለእማዬ ሙት ዓመት ትምጣ ወይስ እዚያው ዝም ብላ ትቀመጥ?

የማርቆስ ልጅ፦ ጎበዝ፣ ቤታችን ለሁለት ተከፍሏልና እስቲ ፍረዱን። እማዬ ስታርፍ ውጭ ያለችው እህቴ ወረቀት ስላልነበራት ለቀብር አልደረሰችም። መርዶውን በስልክ ሰማች። ከ6 ወር በኋላ ቪፓሳና የሚሉት የቡድሃ ተመስጦ ቦታ ገብታ 10 ቀን ተቀመጠች። ስልክ የለ፣ መጽሐፍ የለ፣ ወሬ የለ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት በደወል ተነስቶ በቀን 10 ሰዓት ያህል ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ነው። ማታ ለአዲስ ሰው ሻይና ፍራፍሬ ብቻ። ስልኳ ሲመለስላት የላከችልኝ ድምፅ 7 ደቂቃ ነው፣ ግማሹ ለቅሶ። «በ4ኛው ቀን የእማዬ ነጠላ ሸተተኝ፣ ጭሱም ቅቤውም» ትላለች። አሁን ሙት ዓመቱ ሲደርስ ከምመጣ እዚያው ልግባ አለች። እኔ ተዋት ባይ ነኝ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ ከሌሊቱ 10 ሰዓት መነሳት ለኛ ብርቅ ሆነና ነው? ዝምታ ካማራት ሱባኤ ትግባ። ደግሞ ሃይማኖት አይደለም ይላሉ እንጂ እዚያ እስካለህ ድረስ ጸሎትህን ተው፣ መቁጠሪያህን አስቀምጥ ነው የሚሉህ። ይኼን ነግራችኋለች?

የማርቆስ ልጅ፦ ነግራናለች፣ እማዬን ያለ ጸሎት ማሰብ ከብዷታል። ግን ገንዘብ አይጠይቁም። ጎየንካ የሚባል በርማ የተወለደ ህንዳዊ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1969 ህንድ ውስጥ ማስተማር ከጀመረ ወዲህ ጨርሶ የወጣ ሰው በፈቃዱ በሚሰጠው ነው የሚኖሩት።

ነርሷ፦ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ማመልከቻው ላይ የአእምሮ ጤና ይጠየቃል፣ እንዳትደብቅ። እንቅልፍ ያጣ፣ መኖር ያስጠላው ሰው 10 ቀን ሙሉ ከራሱ ሐሳብ ጋር ብቻውን ሲዘጋ ሊብስበት ይችላል። እንደዚያ ከሆነች መጀመሪያ ሐኪም።

የቡሬዋ፦ እኔ ደግሞ በራሳቸው ታሪክ ልሟገት። ኪሳ ጎታሚ የምትባል እናት የሞተ ልጇን ታቅፋ ቡድሃ ዘንድ ሄደች። ሰው ሞቶበት ከማያውቅ ቤት ሰናፍጭ አምጪልኝ አላት። ቤት ለቤት ዞረች፣ አንድም አላገኘች። ልብ በሉ፣ ክፍል ዘግተሽ ተቀመጪ አላላትም! ወደ ጎረቤት ነው የላካት። የኛ ድንኳንስ ሌላ ምንድን ነው? ባለቤቴ የሞተ ጊዜ አንዲት የማላውቃት ሴት አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ እኔ አልበላም ብዬ የያዝኩትን ንፍሮ ከእጄ ላይ እያነሳች እየበላች፣ የልጇን አሟሟት ነገረችኝ። ያን ቀን ነው መተንፈስ የቻልኩት።

የማርቆስ ልጅ፦ እሱስ እውነት ነው። ግን ሰልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነቀልስ? እኛም እኮ ቤቱ ጭር ብሎ ነው የከረመው። እሷ ጋ ደግሞ ከመጀመሪያውም ድንኳን አልነበረም፣ በማግስቱ ሥራ ገባች።

የቡሬዋ፦ እንደሱ ከሆነስ የዚያን ጊዜ መሄዷን አልነቅፍም። የአሁኑን ነው የምለው። ያላለቀሰችበት ቤት እዚህ ነው ያለው።

የማርቆስ ልጅ፦ የሰናፍጩን ነገር አሁን ደውዬ ነገርኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ንፍሮውን ማን ነው የሚቀቅለው?» አለችኝ።

የቆሎ ተማሪ ነበርኩ፦ መጣች ማለት ነው። ብቻ ያንን አቀማመጥ እዚህ እንዳታስተምረን።

የቡሬዋ፦ ኧረ አንተ! የአክስቶቿ ወሬ መቼ አስቀምጧት።