በድሮ ኮምፒውተሮች የተሳሉ የስዕል ፋይሎች እንዳይጠፉ ወደ ምን ይቀየሩ? ረቂቁ ቁጥር 2 ላይ እንነጋገር

ሰብሳቢ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የጋራ ረቂቃችን ቁጥር 2 ላይ «ምስሎቹ ሁሉ ወደ ጄፔግ ይቀየሩ» ይላል፣ እዚህ ላይ ሳንስማማ ማስገባት አልፈልግም፣ ያላችሁን በሉ።

ቴክኒክ፦ ጋሼ እኔ ጄፔግን በፍጹም አልደግፍም። ጄፔግ ለፎቶ የተሠራ ነው፣ እነዚህ ደግሞ በ16 ቀለም ነጥብ በነጥብ የተሳሉ ናቸው፣ ጄፔግ ሲደረጉ መስመሩ ዙሪያ ብናኝ ይወጣና 16 የነበረው ቀለም መቶ ምናምን ይሆናል፣ ከዛ ወዲያ መመለሻ የለውም። ፒኤንጂ ይሁን፣ እስከ 256 ቀለም ከነፓሌቱ (ከነቀለም ዝርዝሩ) ይይዛል። አሚጋ የሚባለው የድሮ ኮምፒውተር ሃም የሚባሉት ፋይሎች ብቻ እስከ 4096 ቀለም ስለሚያሳዩ እነሱ ፓሌት በሌለው በ24 ቢት ፒኤንጂ ይውጡ። መቀየሪያው ፕሮግራም ኔትፒቢኤም ይሁን፣ ፒሲኤክስም አይኤልቢኤምም ማክፔይንትም የሚባሉትን የድሮ የስዕል ፋይል ዓይነቶች ያነባል፣ የኮሞዶርና የአታሪ ኮምፒውተሮቹን ሪኮይል የሚባለው ፕሮግራም ይክፈታቸው።

ጸሐፊ፦ ኔትፒቢኤም መሃል ላይ ፒፒኤም ወደሚባል ፋይል ነው የሚያወጣው አይደል? ፒፒኤም እኮ ፓሌት የሚባል ነገር የለውም፣ የእያንዳንዱን ፒክስል (ነጥብ) ቀለም ብቻ ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ፒኤንጂ ላይ ስንደርስ የቀለሞቹ ተራ ሊቀየር ይችላል፣ ያልተሳለባቸውም ቀለሞች ይጠፋሉ። አንዳንዱ የአሚጋ ስዕል ላይ ደግሞ ውሃው የሚፈሰው ቀለሞቹ ፓሌቱ ውስጥ ቦታ ስለሚለዋወጡ ነው፣ ተራው ከጠፋ ውሃው ቆመ ማለት ነው። ረቂቁ ላይ ኦሪጅናሉ «ቢቻል» አብሮ ይቀመጥ የሚለውን ግዴታ እናድርገው።

ቴክኒክ፦ ልክ ነሽ፣ ይሄን አላየሁትም ነበር።

ዲስክ ገልባጭ፦ ከመቀየሩ በፊት የፋይሉ መጠን ይታይልኝ እባካችሁ። የኮሞዶሩ የኮዋላ ስዕል ፋይል 10,003 ባይት ነው፣ የአታሪ ፒአይ1 ፋይል 32,034፣ የስፔክትረም ኮምፒውተር የስክሪን ፋይል 6,912፣ ስላልተጨመቁ ከዚህ ካነሱ ግልበጣው ተበላሽቷል። ፒሲኤክስ ይጨመቃል በመጠን አይታወቅም፣ ባለ 256 ቀለሙ ግን ፓሌቱን መጨረሻ ላይ 769 ባይት ውስጥ ነው የሚያስቀምጠው፣ ከነዚህ 769 የመጀመሪያዋ ባይት 12 መሆን አለባት። ባለፈው አንድ የፈረስ ስዕል ቅርጹ ምንም ሳይጎድል ቀለሙ ብቻ ተዘበራርቆ ወጣ፣ ፕሮግራሙ ነው ብዬ ሦስት ቀያየርኩ፣ ለካ የፋይሉ መጨረሻ ከፍሎፒው ሳይነበብ ቀርቶ ነው፣ ደግሜ ስገለብጠው ፈረሱ ቡናማ ሆኖ መጣ፣ ደስታዬን አልነግራችሁም።

ሰብሳቢ፦ ግሩም ነው፣ ይግባ። ስዕሎቹን ወደ ቁመት የመለጠጡስ ነገር?

ቴክኒክ፦ 320 በ200 የሆኑት ሲሳሉ ያኔ ስክሪኑ ላይ የፒክስሉ ቁመት ከወርዱ ይበልጥ ነበር፣ ዛሬ እንዳሉ ሲከፈቱ ክቡ ይጨፈለቃል። ግን 200ውን መስመር 240 ስናደርግ ከየአምስቱ አንዱ ይደገማል፣ የሳለው ሰው ያላስቀመጠው መስመር ዋናው ኮፒ ውስጥ መግባት የለበትም። ለማሳያ የሚሆን ሌላ ኮፒ ይለጠጥ፣ በዋናው ላይ የፒክስሉን ቅርጽ በጽሑፍ እናስቀምጥ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ቁጥር 2ን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦ «ኦሪጅናሉ ሳይነካ ይቀመጣል፤ መጠኑና ፓሌቱ ታይቶ ወደ ፒኤንጂ ይቀየራል፤ ዋናው ኮፒ አይለጠጥም፣ የፒክስሉ ቅርጽ ይመዘገባል፤ በምን ፕሮግራም በየትኛው ቨርዥን እንደተቀየረ ይጻፋል።» ቨርዥኑን እኔ ነኝ የጨመርኩት፣ የሚቃወም ካለ ሳላስገባው በፊት ይንገረኝ።