እንቅርቷ ከወጣ በኋላ ጣቷን ይነዝራታል፣ ነርቭ ተቆርጦ ይሆን? አስቸኳይ!

ጨነቀኝ፦ ወገኖች ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ የእንቅርት ኦፕራሲዮን አድርጋ ትናንት ከሆስፒታል ወጣች። ዛሬ ጣቶቿን ይነዝራታል፣ ከንፈሯ ዙሪያ ይደነዝዛታል። ድምጿም ሻክሯል። ሐኪሙ ነርቭ ቆርጦባታል! ልከሰው ነው። አሁን ምን ላድርግላት?

ሳቂታው፦ አቦ ተረጋጋ። እኔን ሚስቴ ስትቆጣ ያለ ኦፕራሲዮንም ይነዝረኛል።

ባለ ጠባሳዋ፦ ካልሲየም ነው! እኔንም እንደዚሁ አድርጎኝ ነበር። ታይሮይዷ፣ ማለትም አብጦ እንቅርት የሚሆነው የአንገት ዕጢ፣ ሙሉ ነው የወጣው ወይስ ግማሹ? ምን ኪኒን ሰጧት?

መምህሩ፦ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ከታይሮይድ ጀርባ የሩዝ ፍሬ የሚያካክሉ፣ አብዛኛውን ጊዜ 4 የሆኑ ዕጢዎች አሉ። ፓራታይሮይድ ይባላሉ። የደም ካልሲየምን ልክ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው፤ በኦፕራሲዮኑ ከተጎዱ ካልሲየሙ ይወርዳል፣ ያኔ ነው ጣትና ከንፈር የሚነዝረው። መልካቸው ስብ ስለሚመስል መለየቱ ያስቸግራል። ደም የሚያደርሱላቸው ሥሮችም በጣም ቀጫጭን ናቸው። ስለዚህ ጠንቃቃ ሐኪም ዋናውን የደም ሥር ከግንዱ አያስርም፤ ወደ ታይሮይዱ ተጠግቶ ቅርንጫፍ ቅርንጫፉን ነው የሚያስረው። አንዷ ዕጢ ደም ካጣች ደግሞ ተከትፋ አንገት ጡንቻ ውስጥ ትተከላለች። በ1909 በታይሮይድ ሥራው ኖቤል የተሸለመው ቴዎዶር ኮኸር...

ሳቂታው፦ ጋሼ፣ ኖቤሉን ለሌላ ቀን ያቆዩት፤ ሴትዮዋ እየነዘራት ነው።

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ነርቭ ተቆርጧል ያልከውን አልቀበልም። የድምፅ ነርቭ ቢነካ ጣት አይነዝርም። ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ነርቩ ግራና ቀኝ፣ በአየርና በምግብ ቧንቧ መሀል ሽቅብ ይወጣል። ሐኪሙ ፈልጎ በዓይኑ ካየው በኋላ ነው የሚቆርጠውን የሚቆርጠው። ለማደንዘዣ በጉሮሮ በሚገባው የመተንፈሻ ቱቦ ላይ በተገጠመ መከታተያ የነርቩን ሥራ የሚያዳምጡም አሉ፤ ዓይንን ግን አይተካም። ነርቩ ሳይቆረጥ በመወጠሩ ብቻም ለጊዜው ሊሰንፍ ይችላል፤ ያ በሳምንታት ወይም በወራት ይመለሳል። ቱቦው ራሱም ለጥቂት ቀን ድምፅ ያሻክራል። ሻካራነቱ ከቆየ የድምፅ አውታሯ በካሜራ ይታያል።
የጣቷ ነገር ግን ለነገ አይባልም። አሁኑኑ ለሐኪሟ ደውል፣ ካልሲየሟ ዛሬውኑ ይለካ። እጇ ከተኮማተረ፣ ካንቀጠቀጣት ወይም ልቧ ከተዛባባት በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል፤ በደም ሥር ካልሲየም ሊያስፈልጋት ይችላል። አንገቷ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ደግሞ አንድ ደቂቃ አትቁም።

ባለ ጠባሳዋ፦ ካልሲየም ነው አልኩ እኮ።

ጨነቀኝ፦ ሙሉ ነው የወጣው። ካልሲየም ሰጥተዋታል። ግን «ኪኒን በዛብኝ» ብላ አልዋጠችውም፣ የታይሮይዱን ብቻ ነው የምትወስደው።

ሳቂታው፦ በቃ ተከሳሹ ተገኘ። እናትህን ልትከስ ነው?

ጨነቀኝ፦ ወተት ብሰጣትስ?

ነርሷ፦ ወተት አይበቃም። የታዘዘላትን ካልሲየም አሁን ትዋጥ፤ ስልኩንና ምርመራውን ግን አትተው። ከሌቮታይሮክሲኑ፣ ከታይሮይዱ ኪኒን ማለቴ ነው፣ ጋር የ4 ሰዓት ልዩነት ይኑረው፤ አብረው ከተዋጡ ካልሲየሙ ይይዘዋል፣ ወደ ደም አያስገባውም። ጠዋት በባዶ ሆድ የታይሮይዱ፣ ካልሲየሙ ከምሳ ጋር። እና ደውለሃል?

ባለ ጠባሳዋ፦ ልጁ ጠፋ። እየደወለ ነው ብለን እንመን።

ተራዬ ደረሰ፦ ይቅርታ፣ እኔም ልቀደድ ነው። ሐኪሙን ምን ልጠይቀው?

ነርሷ፦ በዓመት ስንት ታይሮይድ እንደሚሠራ ጠይቂው፤ እጁን ያፍታታ ሐኪም ላይ ጉዳቱ ያንሳል። የድምፅ አውታርሽን አስቀድሞ ያየው እንደሆነም ጠይቂ። የምትዘፍኚ ከሆነ ሳትደብቂ ንገሪው። ከላይ በኩል የምትመጣ ሌላ ቀጭን ነርቭ አለች፤ እሷ ከተነካች ንግግርሽ ደህና ሆኖ ከፍ ያለው ድምፅ እምቢ ይላል።

ሳቂታው፦ ለጎረቤቶቿ ሲባል ባትነግረውስ?