መብራት ሲመለስ ኤሲው ጠፍቶ ሳለ ሲስተሙ «በርቷል» ይለኛል

ከደብረ ብርሃን ነው የምጽፈው፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍታ በላይ ስለምትገኝ ኤሲውን የምንፈልገው ከማቀዝቀዝ ይልቅ ለማሞቅ ነው፤ በተለይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት። የራሱ ዋይፋይ ስለሌለው፣ የሪሞቱን ምልክት የሚልክ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ገዝቼ ከሆም አሲስታንት (የቤት ዕቃዎችን ከአንድ ቦታ ከሚቆጣጠር ሶፍትዌር) ጋር አገናኘሁት፤ ማብራትና ማጥፋቱ ያለ እንከን ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው፦ ኤሲው እንደጠፋ ይቀራል፣ ሲስተሙ ግን ምልክት ከመላክ በቀር መልስ ስለማይቀበል «በርቷል» እያለ ያሳየኛል፤ እናቴም በብርድ ትነቃለች (የምትወቅሰው ደግሞ ኤሲውን ሳይሆን እኔን ነው)። ኤሲው በእርግጥ እየሠራ መሆኑን ለማወቅ ስማርት ሶኬት (የሚያልፍበትን ኃይል ለክቶ ለሲስተሙ የሚነግር ሶኬት) እንዳልጨምር ኮምፕሬሰሩ የሚስበውን ኃይል እንዳይችለው ሰጋሁ። በሽቦው ዙሪያ የሚቆለፍ የኤሌክትሪክ ፍሰት መለኪያ ይሻለኛል ወይስ የክፍሉን ሙቀት መከታተል ብቻ ይበቃል? የሞከራችሁ ብትመልሱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።